ክብ ራሱን ሲፈትን፤ የማዞር ልኬት ታሪክ ከእጅ ኮምፓስ እስከ ሌዘር መቁረጫ

የሰው ልጅ በዘመናት ውስጥ ካበጃቸው የመለኪያ ዘዴዎች መካከል የክብ አከፋፈል አንድ ልዩ ጠባይ አለው። ርዝመትን ለመለካት ከሌላ ርዝመት ጋር ማስተያየት ግድ ነው፤ ክብደትንም ለመመዘን ሌላ ክብደት ያሻል። የሜትር ታሪክ ይህን በሚገባ ያስረዳል። በ1889 ከፕላቲኒየምና ከኢሪዲየም ቅይጥ የተሠራ ዘንግ የዓለም መለኪያ ሆነ። በ1960 ዘንጉ ተሽሮ የክሪፕቶን ብርሃን የሞገድ ርዝመት በቦታው ተተካ። በ1983 ደግሞ እርሱም ተሽሮ የብርሃን ፍጥነት መሠረት ሆነ። አንድ ሙሉ ዙር ግን እንዲህ ያለ መሥፈርት ጠይቆ አያውቅም። የዞረ ነገር ወደ ተነሣበት ሲመለስ ዙሩ ሞልቷል፤ የሞላው ዙር የትም ቦታ፣ በማንም እጅ ቢለካ ሦስት መቶ ስድሳ ዲግሪ ነው። ስለዚህም ክብ የራሱን መፈተኛ በራሱ ውስጥ ይዞ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ጠባይ ለፈላስፋ ብቻ የሚጠቅም ረቂቅ ነገር አይደለም። ዛሬ በየወርክሾፑ በሚገኙት የሌዘር መቁረጫ መኪናዎች ላይ ብርጭቆን፣ ጠርሙስን ወይም የእንጨት ዘንግን እያሽከረከረ ለጨረሩ የሚያቀርብ ተቀጥላ መሣሪያ ይገጠማል፤ ከዚህ በኋላ በአጭሩ ማዞሪያ እንለዋለን። የማዞሪያው ልክ ሳይስተካከል ሥራ ቢጀመር፣ የሚቀረጸው ጽሑፍ ይለጠጣል ወይም ይጨመደዳል፤ የዕቃውን ዙሪያ የሚከበው ሐረግም ጫፍና ጫፉ አይገናኝም። በብርጭቆ ላይ የተቀረጸ ነገር ስለማይፋቅ፣ ስህተቱ ዕቃውን ይዞት ይሄዳል። በሙያው ቋንቋ ካሊብሬሽን የሚባለው ይህ የልክ ማስተካከል ሥራ የዛሬ ችግር ይምሰል እንጂ፣ መሠረታዊው መፍትሔ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በናስና በኮምፓስ ተገኝቶ ያደረ ነው። እንዴት እንደ ተገኘ መከተል፣ ዛሬ በወርክሾፕ ውስጥ ለምን እንደሚዘነጋም ለማወቅ ይረዳል።

ስምንት ደቂቃ

ክብን በ360 መክፈል ከባቢሎናውያን የስድሳ ቁጥር ሥርዓት የተወረሰ ልማድ ነው። አንዱ ዲግሪ 60 ደቂቃ፣ አንዱ ደቂቃ 60 ሴኮንድ ተብሎ ይከፈላል። በወረቀት ላይ እስከ ፈለጉት ድረስ መክፈል ይቻላል፤ በብረት ላይ ግን እያንዳንዱ ጭረት በሰው እጅ የሚቀመጥ ነው። የዴንማርኩ የከዋክብት ተመራማሪ ቲኮ ብራሄ (1546-1601) ያለ መነጽር፣ ግዙፍ ክፍልፋይ ክቦችን እየሠራ የከዋክብትን ቦታ እስከ አንድና ሁለት ደቂቃ ድረስ በሚደርስ ጥራት መዘገበ። መዝገቡን የወረሰው ዮሐንስ ኬፕለር፣ ማርስ የምትባለውን ፈለክ በክብ መንገድ ላይ አስኪዶ ቢያሰላ፣ ስሌቱ ከቲኮ መዝገብ በስምንት ደቂቃ ተለየበት። ስምንት ደቂቃ ማለት የአንድ ዲግሪ ሰባተኛ እንኳ አይሞላም። ሌላ ሰው ቢሆን ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ አሳብቦ ባለፈው ነበር። ኬፕለር ግን የቲኮ ክብ ስምንት ደቂቃ ያህል እንደማይሳሳት ያውቅ ስለ ነበር፣ የገዛ ስሌቱን ጣለ። በ1609 ባሳተመው መጽሐፍ የፈለኮች መንገድ ክብ ሳይሆን ሞላላ መሆኑን ለዓለም አስታወቀ።

እንግዲህ የመሣሪያን ስህተት መጠን ማወቅ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ ይታያል። የቲኮ መሣሪያ ፍጹም አልነበረም፤ የስህተቱ ወሰን ግን የታወቀ ነበር። ኬፕለርም ከገዛ ስሌቱ ይልቅ የቲኮን መዝገብ ለማመን ያስደፈረው ይኸው ነው።

ዘጠናና ዘጠና ስድስት

በ1725 ጆርጅ ግራሃም የተባለው የለንደን ሰዓት ሠሪ፣ በግሪኒች ለነበረው ለኤድመንድ ሃሌ ስምንት ጫማ ሬዲየስ ያለው በግድግዳ ላይ የሚቆም ኳድራንት፣ ማለትም የክብ ሩብ፣ ሠርቶ አስረከበ። በኳድራንቱ ላይ ሁለት ቅስቶች ጎን ለጎን ተከፍለው ነበር። አንዱ እንደ ልማዱ በ90 ዲግሪ ሲከፈል፣ ሁለተኛው በ96 እኩል ክፍል ተከፈለ።

የ96 ምክንያት ቀላል ነው። ኮምፓስ በክቡ ሬዲየስ ልክ ተከፍቶ በክቡ ላይ ሲያርፍ ያለ ምንም ሙከራ 60 ዲግሪ ይሰጣል። ሩቡ ክብ በ96 ሲከፈል ይህ ቅስት 64 ክፍል ይይዛል፤ 64 ደግሞ አንድን ነገር ስድስት ጊዜ ለሁለት ለሁለት በመክፈል ብቻ የሚገኝ ቁጥር ነው። ለሁለት መክፈል በኮምፓስ ከሚሠሩት ሥራዎች ሁሉ እጅግ የሚታመነው ነው። ዘጠናውን ለማግኘት ግን ለሦስትና ለአምስት መክፈል ያስፈልጋል፤ ይህም በሙከራ እንጂ በእርግጠኝነት አይሠራም። ስለዚህ አንባቢው ከዋክብትን በሁለቱም ቅስቶች ይለካል፤ የዘጠና ስድስቱን ውጤት በሠንጠረዥ ወደ ዲግሪ መልሶ ከዘጠናው ጋር ያስተያያል። ሁለቱ ካልተስማሙ አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው።

ጆን በርድ ይህንን ጥበብ ከፍ አደረገው። በ1767 የአሠራሩን ዘዴ የሚገልጽ ጽሑፍ ሲያሳትም የእንግሊዝ የኬንትሮስ ቦርድ 500 ፓውንድ ከፈለው። በርድ የ85 ዲግሪ ከ20 ደቂቃን አውታር በስሌት አውጥቶ በክቡ ላይ ያሳርፍ ነበር፤ ምክንያቱም ያ ቅስት በአምስት አምስት ደቂቃ ሲከፈል 1024 ክፍል ይሆናል፤ 1024ም አሥር ጊዜ ለሁለት በመክፈል ይገኛል። የናስ ሙቀት ከፍ ዝቅ ካለ ጭረቱ ሁሉ እንደሚዛባ ስለሚያውቅ፣ መሣሪያዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሙቀት እስኪይዙ ሳይጠብቅ ሥራ አይጀምርም ነበር።

የራምስደን መዘውር

የኬንትሮስ ቦርድ ለእነዚህ ሰዎች ገንዘብ የሚከፍለው ያለ ምክንያት አልነበረም። በባሕር ላይ ያለ መርከብ ኬንትሮሱን ከሚያውቅባቸው መንገዶች አንዱ ጨረቃ ከአንድ ኮከብ ያላትን ርቀት በሴክስታንት መለካት ነው። ጨረቃ በሰዓት ግማሽ ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትጓዝ፣ በሴክስታንቱ ላይ የአንድ ደቂቃ ስህተት ቢኖር ኬንትሮሱ በግማሽ ዲግሪ ይዛባል። ይህም በምድር ወገብ ላይ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ያህል የተሳሳተ መርከበኛ ገና ጥልቅ ባሕር ላይ ያለ መስሎት በሌሊት ከዐለት ጋር ይላተማል። የበርድን የመሰለ የእጅ ሥራ ደግሞ ለታዛቢ ማማዎች እንጂ በሺህ ለሚቆጠሩ መርከቦች የሚዳረስ አልነበረም።

ይህን ችግር የፈታው ጄሲ ራምስደን (1735-1800) ነው። በዮርክሻየር የተወለደው ይህ ሰው በመጀመሪያ የጨርቅ ሥራ የተማረ ነበር። በ1770ዎቹ አጋማሽ የጨረሰው ሁለተኛው የመክፈያ መኪናው 45 ኢንች፣ ማለትም 114 ሴንቲ ሜትር ያህል ዲያሜትር ያለው መዘውር ነበረው። በመዘውሩ ጠርዝ ላይ 2160 ጥርሶች ተቆርጠው፣ አንድ ጠመዝማዛ ብሎን ከጥርሶቹ ጋር ተጋጥሞ ያሽከረክረዋል። ብሎኑ አንድ ጊዜ ሲዞር መዘውሩ አሥር ደቂቃ፣ ስድስት ጊዜ ሲዞር አንድ ዲግሪ ይሄዳል። ሴክስታንቱ በመዘውሩ ላይ ይታሰራል፤ ሠራተኛው ብሎኑን እያዞረ ጭረቱን ብቻ ይጭራል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥያቄ ይነሣል። መኪናው ሴክስታንቶችን ይከፍላል፤ የመኪናውንስ መዘውር ማን ከፈለው? በእናቲቱ መዘውር ላይ ያለ ስህተት በልጆቿ ሁሉ እየተወረሰ ይሄዳል። ራምስደን መዘውሩን በመጀመሪያ ለአምስት፣ እያንዳንዱን ለሦስት፣ ከዚያም አራት ጊዜ ለሁለት ለሁለት ከፍሎ 240 ክፍል አወጣ፤ በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥም ዘጠኝ ጥርስ እንዲገባ አደረገ። ነገር ግን ለአምስትና ለሦስት መክፈሉን አላመነውም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ክብ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ሌላ ክብ አሰመረና ይህንኛውን ለሁለት ለሁለት በመክፈል ብቻ ከፈለው። ሁለቱንም በአንድ ቀጭን ሽቦ ሥር እያሳለፈ መስማማታቸውን መረመረ። የግራሃም የሁለት ቅስት ሐሳብ በአዲስ መልክ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ቦርዱ ለራምስደን 615 ፓውንድ ሲከፍል ቅድመ ግዴታ አስገብቶት ነበር። የመኪናውን አሠራር በጽሑፍ እንዲገልጽ፣ ለሌሎች መሣሪያ ሠሪዎችም ጥበቡን እንዲያስተምርና የሌሎችን ሴክስታንት በስድስት ሺሊንግ እንዲከፍል አስገደደው። መግለጫው በ1777 ታተመ። ጥበብ በአንድ ሰው እጅ ተደብቆ እንዳይቀር በሕዝብ ገንዘብ መግዛት ለሙያ ማኅበራት ሁሉ ትልቅ ትምህርት ነው።

ከሩብ ወደ ሙሉ ክብ

ኳድራንት ምንም ቢጣራ አንድ ጉድለት አለበት፤ ሩብ ስለ ሆነ አይዘጋም። በመግቢያው ላይ የተጠቀሰው የክብ ራስን የመፈተን ጠባይ በሩብ ውስጥ አይገኝም። ራምስደን በ1789 ለፓሌርሞ ታዛቢ ማማ አምስት ጫማ የሆነ ሙሉ ክብ ሠርቶ ላከ። ጁሴፔ ፒያሲም በዚህ መሣሪያ ጃንዋሪ 1 ቀን 1801 ሴሬስ የምትባለውን ትንሽ ፈለክ አገኘ። ሙሉ ክብ ላይ ንባቡ በተቃራኒ ጎኖች ሊወሰድ ይችላል። የክቡ ማዕከል ከመዞሪያው ማዕከል ትንሽ ቢለይ፣ በአንዱ ጎን የሚጨመረው በሌላው ጎን ይቀነሳል፤ የሁለቱ አማካይ ስህተቱን ያጠፋዋል።

ይህንን ሐሳብ እስከ መጨረሻው የወሰደው ኤድዋርድ ትሮውተን (1753-1835) ነው። በ1809 ለለንደን ሮያል ሶሳይቲ ያቀረበው ጽሑፍ በዚያው ዓመት የኮፕሊ ሜዳይ አሸለመው። የትሮውተን ዘዴ ለዛሬው የሌዘር ባለሙያ እንግዳ አይሆንበትም። የክቡን ጠርዝ በሚገባ አለስልሶ፣ አንዲት ትንሽ ሮለር በጠርዙ ላይ ትንከባለል ዘንድ ገጠመ። ክቡ አንድ ጊዜ ሲዞር ሮለሯ አሥራ ስድስት ጊዜ ትዞራለች፤ ሮለሯም ራሷ በአሥራ ስድስት ተከፍላለች። በዚህ ዓይነት በክቡ ላይ 256 ነጥቦች ተቀመጡ። ሮለሯ ሳትንሸራተት ብትንከባለል እንኳ ነጥቦቹ ሁሉ ትክክል ይሆናሉ ብሎ ትሮውተን አላመነም። ይልቁንም እያንዳንዱ ነጥብ ምን ያህል እንደ ተሳሳተ ለማወቅ ተነሣ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ማይክሮስኮፖች በተቃራኒ ጎኖች ይቆማሉ፤ አንዱ በዜሮኛው፣ ሌላው በ128ኛው ነጥብ ላይ ያነጣጥራል። ክቡ በግማሽ ዙር ሲዞር ነጥቦቹ ቦታ ይለዋወጣሉ። 128ኛው ነጥብ በትክክል ከዜሮ ተቃራኒ ከሆነ፣ ሁለቱም እንደገና በማይክሮስኮፖቹ ሽቦ ሥር ይውላሉ። ካልሆነ የሚታየው ልዩነት የስህተቱ እጥፍ ነው። ከዚህ በኋላ ሩቦቹ፣ ከሩቦቹም ስምንተኛዎቹ እንዲሁ ይመረመራሉ። በመጨረሻም የ256ቱ ነጥቦች ስህተት በሠንጠረዥ ይሰፍራል፤ የመጨረሻው ጭረት የሚጫረውም በዚያ ሠንጠረዥ እየታረመ ነው። ለዚህ ሁሉ ከክቡ ውጭ ምንም ዓይነት መሥፈርት አላስፈለገም። ክቡ ራሱን መረመረ፤ ሰውየው መዝጋቢ ብቻ ነበር።

ትሮውተን ያረጋገጠው ሌላም ነገር አለ። አንድ ክብ ዞሮ ቢዘጋም በመካከል ያሉት ነጥቦች ሊሳሳቱ ይችላሉ። መዝጋት አስፈላጊ ፈተና ነው፤ በቂ ፈተና ግን አይደለም። ይህ ቁም ነገር ከታች ተመልሶ ይመጣል።

እንዲህ ያሉ ክፍልፋይ ክቦች ወደ ኢትዮጵያም መጥተዋል። በ1830ዎቹ መጨረሻና በ1840ዎቹ አንቷን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ ተጓዥ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ላይ ቴዎዶላይት እየተከለ ከተራራ ወደ ተራራ የማዕዘን ልኬት ወሰደ። ውጤቱም ከ1860 እስከ 1873 በፓሪስ ስለ ኢትዮጵያ ጂኦዴሲ በወጣው ሥራው ታተመ። ይህ ሰው ክብን በ360 ሳይሆን በ400 መክፈል ይሻላል ከሚሉት ወገን ነበር። በ360ም ሆነ በ400 ቢከፈል ግን ክቡ ሲዘጋ ያው አንድ ዙር ነው። ቴዎዶላይት የያዘ ቀያሽ ሁሉ መነጽሩን ገልብጦ ሁለት ጊዜ ማንበቡም ከዚሁ የተቃራኒ ጎን ንባብ የመጣ ልማድ ነው።

እርምጃና ብርሃን

በሃያኛው ምእት ዓመት የክብ ክፍፍል ከሰው ዓይን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ተሻገረ። በ1952 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በተቀዳዳ የወረቀት ጥቅልል ትእዛዝ የሚቀበል የፍሬዛ መኪና ለሕዝብ አሳየ። ከዚህ ሥራ በኋላ መኪናን በቁጥር ማዘዝ በየኢንዱስትሪው ተስፋፋ። ለትናንሽ መኪናዎች የተመረጠው ሞተር ስቴፐር የሚባለው ሆነ፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምት ሲደርሰው አንድ እርምጃ ዞሮ ይቆማል። የተለመደው ዓይነት በአንድ ዙር 200 እርምጃ አለው፤ እያንዳንዱ እርምጃም 1.8 ዲግሪ ነው። የሚነዳው የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እያንዳንዱን እርምጃ ለ16 ከከፈለው ዙሩ 3200 ይሆናል።

የሌዘር ታሪክ በሌላ መንገድ መጥቶ ከዚህ ጋር ተገናኘ። ቴዎዶር ሜይማን የመጀመሪያውን ሌዘር ሜይ 16 ቀን 1960 በካሊፎርንያ አበራ። በ1964 ኩማር ፓቴል በቤል ላቦራቶሪ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘርን ሠራ። የሞገዱ ርዝመት 10.6 ማይክሮ ሜትር ስለ ሆነ ለዓይን አይታይም፤ እንጨት፣ ቆዳና ብርጭቆ ግን በሚገባ ይቀበሉታል። በ1965 የዌስተርን ኤሌክትሪክ ኩባንያ ሽቦ የሚሳብበትን አልማዝ በሌዘር ለመብሳት ቻለ። በ1967 ደግሞ ፒተር ሆልድክሮፍት በእንግሊዝ አገር ጨረሩን ከኦክሲጅን ጋር አጣምሮ አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ቆረጠ።

ሁለቱ መንገዶች በተገናኙበት በዛሬው መኪና ላይ ራስ የሚያዞር አንድ ልዩነት አለ። የራምስደን ሠራተኛ የመዘውሩን ጥርስ በዓይኑ ያይ ነበር። ስቴፐር ሞተር ግን በተለመደው አገጣጠም ዕውር ነው፤ ምቱን ይቀበላል እንጂ ምን ያህል እንደ ዞረ ለማንም አይነግርም። ኮምፒዩተሩ የታዘዘውን ቁጥር ይልካል፤ የተላከው ሁሉ የተፈጸመ ይመስለዋል። ስለዚህ መርማሪ ዓይን ከማንኛውም ጊዜ ይልቅ ዛሬ ያስፈልጋል።

በማዞሪያ ላይ ያሉት ሁለት ስህተቶች

ማዞሪያ በሁለት ዓይነት ይገኛል። አንደኛው እንደ ቶርኖ በመንጋጋ ዕቃውን ጨብጦ ያዞረዋል። ሁለተኛው ዕቃውን በሁለት ሮለሮች ላይ አስተኝቶ በማንከባለል ያዞረዋል። በሁለቱም ላይ የሚጻፈው ቁጥር «በአንድ ዙር ስንት እርምጃ» የሚለው ነው። ለምሳሌ በ3200 እርምጃ የሚዞር ሞተር በ3 ለ1 ቺንጋ ቢቀነስ ትክክለኛው ቁጥር 9600 ነው።

ይህን ቁጥር ለማረጋገጥ ዕቃ መለካት አያስፈልግም። በመንጋጋው ወይም በሮለሩ ላይ አንድ ጭረት፣ ከጎኑ በማይንቀሳቀሰው አካል ላይ ሌላ ጭረት ይደረጋል፤ ሁለቱ ከተገናኙ በኋላ አንድ ሙሉ ዙር ይታዘዛል። ጭረቶቹ ተመልሰው ከተገናኙ ቁጥሩ ትክክል ነው። ካልተገናኙ ስህተቱ ራሱ እርማቱን ይናገራል። መኪናው በ10000 እርምጃ ታዝዞ 375 ዲግሪ ቢዞር፣ 10000 በ360 ተባዝቶ ለ375 ሲካፈል 9600 ይወጣል። አንድ ዙር ትንሽ ስህተትን ስለሚደብቅ አሥር ዙር ማዘዝ ይሻላል፤ ስህተቱ አሥር እጥፍ ሆኖ ይታያል። ከዚያ አሥር ዙር ወደ ኋላ ይመለሳል። በሄደበት ተመልሶ ካልተገኘ ጥፋቱ የቁጥር ሳይሆን የላላ ቺንጋ ወይም የእርምጃ መዝለል ነው። በሮለር ላይ ያለው ዕቃም በዚሁ መንገድ ቢፈተን መንሸራተቱ ይታወቃል።

ሁለተኛው ስህተት የዲያሜትር ነው። ጨረሩ የሚሠራው በዲግሪ ሳይሆን በዕቃው ገጽ ላይ በሚሊ ሜትር ስለ ሆነ፣ ማዕዘኑ ወደ ርዝመት መለወጥ አለበት። ባለ መንጋጋው ማዞሪያ ለዚህ የዕቃውን ዲያሜትር ይጠይቃል። ባለ ሮለሩ ግን የሚጠይቀው የሮለሩን ዲያሜትር ነው፤ ሮለሩ የሚሄደውን ያህል የዕቃውም ገጽ ይሄዳልና ዕቃው ቢሰፋም ቢጠብም ለውጥ የለውም። እዚህ ላይ ክብ ራሱን መፈተን አይችልም፤ ርዝመት ገብቷልና ካሊብሮ ያስፈልጋል። 75 ሚሊ ሜትር የሆነ ብርጭቆ 76 ተብሎ ቢጻፍ ዙሪያው 235.6 በመሆን ፈንታ 238.8 ተብሎ ይሰላል። የአንድ ሚሊ ሜትር ስህተት በመዝጊያው ላይ ከሦስት ሚሊ ሜትር በላይ ሆኖ ይወጣል።

በየወርክሾፑ በብዛት የሚታየው ጥፋት እነዚህን ሁለት ስህተቶች ማደባለቅ ነው። 75 ሚሊ ሜትሩ 76 ተብሎ የተጻፈበት ሠራተኛ ሥዕሉ ጠብቦ ሲያገኘው፣ እርምጃውን ከ9600 ወደ 9728 ከፍ ያደርጋል። ሥዕሉም ይስተካከልለታል። በማግሥቱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ዕቃ በትክክል ለክቶ ሲጀምር ግን 100 ሚሊ ሜትር የታዘዘው ሥዕል 101.3 ይወጣል። ትናንት የተሸፈነው ስህተት ዛሬ በሌላ ዕቃ ላይ ተገለጠ ማለት ነው። በተቃራኒው እርምጃው በስህተት 10000 ተጽፎ ሳለ በዲያሜትር ለማካካስ የሚሞክር ሰው ለ75ቱ 78.1፣ ለ50ው 52.1 እያለ ለእያንዳንዱ ዕቃ ሐሰተኛ ቁጥር ሲፈጥር ይኖራል። መፍትሔው የትሮውተን ነው፤ ስህተቶችን ለያይቶ እያንዳንዱን በየራሱ መፈተኛ መመርመር። በመጀመሪያ ክቡ ብቻውን ይዘጋ፤ ከዚያ በኋላ ዲያሜትሩ ይለካ። የተዘጋው ቁጥር ደግሞ ማዞሪያው ራሱ እስካልተለወጠ ድረስ አይነካ።

ከሁለቱም በኋላ የሚቀር ሦስተኛ ነገር አለ። ዕቃው በመንጋጋው ውስጥ ከማዕከሉ ግማሽ ሚሊ ሜትር ዘንበል ብሎ ቢታሰር፣ ገጹ በአንድ ዙር ውስጥ አንድ ሚሊ ሜትር ከፍና ዝቅ ይላል፤ የጨረሩ ጥራት ይደበዝዛል፤ ጭረቶቹም ወዲያና ወዲህ ይዋልላሉ። ሆኖም ዙሩ ሲያልቅ ሁሉም ወደ ቦታው ስለሚመለስ የመዝጊያ ፈተናው ምንም አያሳይም፤ አሥር ዙርም ቢዞር አያሳይም። ይህን ለማግኘት የግራሃምን ለሁለት የመክፈል ዘዴ በወረቀት መፈጸም ይቻላል። ዕቃው በወረቀት ፕላስተር ይሸፈንና መኪናው በአነስተኛ ኃይል በየሩብ ዙሩ አራት ጭረት ይጭራል። አንድ ቀጭን ወረቀት በዕቃው ዙሪያ ልክ ተቆርጦ ሁለት ጊዜ ለሁለት ይታጠፋል። እጥፋቶቹ ከአራቱ ጭረቶች ጋር ከገጠሙ ዕቃው በማዕከሉ ተይዟል። ግማሹን ብቻ መመልከት አይበቃም፤ የማዕከል መዛባት በግማሹ ተሰውሮ በሩቡ ሊታይ ይችላልና አራቱም ይመረመሩ።

ከዚህ ሁሉ በፊት መጠበቅ ያለበት አንድ የጥንቃቄ ደንብ አለ። የማዞሪያው ሞተር ሽቦ የሚነቀለውም ሆነ የሚሰካው መኪናው ከጠፋ በኋላ ብቻ ነው፤ ኃይል እያለ ሞተርን መንቀል የሚነዳውን የኤሌክትሮኒክ ክፍል ሊያቃጥል ይችላል።

መደምደሚያ

ከግራሃም እስከ ዛሬው ሠራተኛ ድረስ መሣሪያው ከናስ ወደ ብርሃን ተለውጧል፤ የሥራው ሥነ ሥርዓት ግን አልተለወጠም። ኬፕለር ስምንት ደቂቃን ያመነው የቲኮ መሣሪያ የስህተት ወሰን በመታወቁ ነው። ራምስደን ሁለተኛውን ክብ ያሰመረው የገዛ እጁን ሥራ ባለማመኑ ነው። ትሮውተን ሜዳይ የተሸለመውም ስህተቱን በሠንጠረዥ አስፍሮ ለሌሎች በመግለጹ ነው።

ስለዚህ በአንድ ወርክሾፕ ውስጥ በማዞሪያው ላይ ሦስት ነገር ተጽፎ ቢለጠፍ ተገቢ ነው፤ የተረጋገጠው የእርምጃ ቁጥር፣ የተፈተነበት ቀን፣ በአሥር ዙር የታየው የመዝጊያ ልዩነት። ሠራተኛ ቢለወጥ፣ ኮምፒዩተር ቢቀየር፣ ይህ ወረቀት ተተኪውን ከግምት ያድነዋል። በተቋማት ውስጥ መኪና ሲገዛ የመረካከቢያ ሰነድ ብዙ ጊዜ የዕቃውን ብዛትና ዋጋ ብቻ ይዘረዝራል፤ ልኩ ስለ መፈተኑ የሚናገር መስመር ይጎድለዋል። የኬንትሮስ ቦርድ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ለራምስደን ክፍያውን የፈጸመው ዘዴውን በጽሑፍ እንዲያስረክብ በማስገደድ እንደ ነበር ማስታወስ፣ ያችን አንዲት መስመር ለማስጨመር በቂ ምክንያት ነው።